አሜን ያልንበት ጾም

መርዶው ይቆይ ተብሎ በተወሰነበት ቅዳሜ በሱቁ ጓዳ የነበርነው አምስት ነን። ስም አልጠራም። ግን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፤ ኋላ ላይ ሁሉም «እኔ እንኳ አልነበርኩም» ማለት ስለጀመረ።

አንደኛው ባለሱቁ ነው። የስልጤ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው። ሞባይል በየኪሱ ሳይገባ በፊት በእኛ መንደር ሰው የሚደውልበትና የሚደወልለት ስልክ የነበረው እሱ ዘንድ ብቻ ነበር። ሁለተኛው የሟቹ አጎት ናቸው፤ የእናትየው ታላቅ ወንድም፣ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ፣ የእድራችን ሰብሳቢ። ሦስተኛው የቤቱ የነፍስ አባት፣ ቄሱ። አራተኛዋ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ የበያጁ ሚስት። «የእኔ ምላስ ከባሌ ብየዳ ይብሳል» ትል ነበር ራሷ። አምስተኛው እኔ ነኝ።

ያልነበሩት ሁለት ናቸው፤ እናትየውና ሴት ልጃቸው። ነገሩ ደግሞ የእነሱ ነበር።

እናትየውን እማማ እላቸው ነበር። በግቢያቸው ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ማንበብ አይችሉም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት ባልሄድም ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበርና፣ ወደ ክር ፋብሪካው ፈረቃ ከመሄዴ በፊት በየጠዋቱ የጸሎት መጽሐፋቸውን አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቆማሉ፤ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ አነባለሁ። በየገጹ መጨረሻ አሜን እንላለን።

ልጃቸው ከጥምቀት በኋላ በጅቡቲ በኩል ባሕር አቋርጦ ሊሄድ ወጣ። ከእሱ ጋር አንድ የሰፈር ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ስለ መንገደኞች የሚጸለየውን ገጽ አስጨመሩኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሱባኤ ያዙ። የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቃላቸው ይህ ነው፤ ስለማስታውሰው ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፈዋለሁ።

«ከፋሲካ በፊት ድምፁን አሰማኝ። ሌላ አልጠይቅህም።»

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ቅዳሜ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ፣ አብሮት የሄደው ልጅ ከየመን ደወለ። ባለሱቁ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሱቁን በቀን ዘጋው፤ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። አጎትየውን አስጠራ፤ አጎትየው ቄሱን አስጠሩ፤ የበያጁ ሚስት ሱቁ ሲዘጋ ምን ሆነ ብላ ራሷ መጣች። እኔ ሳሙና ልገዛ ሄጄ ነው የገባሁት።

«በዓይኑ አይቷል?» አሉ አጎትየው።

«አይቷል ጋሼ። ጀልባዋ ዳር ልትደርስ ስትል ተገለበጠች። እሑድ ዕለት ነው። ሬሳውን ራሳቸው ናቸው ከውኃ ያወጡት። አሸዋው ላይ ቀበርነው ነው ያለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። መስመሩ ተቋረጠ።»

አጎትየው በስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጡ። የእህታቸው ልጅ ነው፤ ዓይናቸው ግን ደረቅ ነበር። «ዛሬ አይነገራትም» አሉ።

በእኛ ዘንድ መርዶ ማቆየት ውሸት አይባልም፤ ወግ ነው። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ባለሐዘኑ ቀምሶ እስኪያድር፣ አንድ ቀን ሁለት ቀን ይቆያል። በዚያ ጓዳ ግን ምክንያቱ እየበዛ ሄደ።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም» አለች የበያጁ ሚስት። «መርዶ በባዶ አንጀት ይገድላል።»

«ስለዚህ ጾሙ ይለፍ» አሉ አጎትየው።

«በፋሲካ ማግሥት ደግሞ መርዶ አይሆንም» አሉ ቄሱ።

«የልጅቷ ሠርግ በዳግም ትንሣኤ ነው። የወንዱ ወገን ደግሶ ጨርሷል። ሐዘን የሰበረው ሠርግ አይጠገንም። ከመልሱ በኋላ ይሁን» አሉ አጎትየው።

ባለሱቁ ጣቶቹን ይቆጥር ነበር። «ጋሼ፣ ስምንት ሳምንት'ኮ ነው!»

«አንተ ሱቅህን ጠብቅ።»

«እሱንማ እጠብቃለሁ። እናትየው ግን በየቀኑ ይመጣሉ። ልጄ ደወለ ወይ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

«አልደወለም በላቸው» አለች የበያጁ ሚስት። «ደወለ እንዴ?»

ከመካከላችን አንድ ሰው ሳቀ። አጭር ሳቅ ነበር፤ ማን እንደሆነ አላስታውስም። እኔ ልሆን እችላለሁ።

ከዚያ እኔ የመጣብኝን ጠየቅሁ። «አባ፣ እኔስ ነገ ጠዋት የቱን ገጽ ላንብብ? የመንገደኛውን ነው ወይስ የሙታንን?»

ሁሉም አዩኝ። ቄሱ ጺማቸውን እየዳበሱ «የመንገደኛውን አንብብ» አሉ። «የሞተም ሰው መንገድ ላይ ነው።»

መልሱ ጥሩ ነበር። ጥሩ ስለሆነም ጠላሁት፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ለመጠየቅ ቦታ አልተወልኝም።

በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ሌሊት ለቅዳሴ ስለሚሄዱ ንባብ የለም። ሰኞ ጠዋት እማማ እንደ ልማዳቸው አጥፈው ያነጠፉት ጆንያ ላይ ቆሙ። አርባ አንድ ጊዜ ይሰግዳሉ፤ በመቁጠሪያ እየቆጠሩ። በሃያኛው ላይ ትንፋሻቸው ይቆረጣል፤ በሠላሳኛው በእጃቸው የአልጋውን ቋሚ ይይዛሉ። ጉልበታቸው ላይ ያለው ቆዳ ጠቁሮ ተሰንጥቆ ነበር። ስግደቱ ሲያልቅ «የመንገደኛውን» አሉኝ። አነበብኩ። ድምፄ አልተለወጠም፤ እንዳይለወጥ ተለማምጄ ነበር የመጣሁት።

«ከፋሲካ በፊት ድምፁን አሰማኝ» አሉ።

«አሜን» አልኩ።

የበያጁ ሚስት በአጥሩ በኩል ራሷን አስገብታ «ኧረ እማማ፣ ሰማዩን ሊሰብሩት ነው እንዴ?» አለች።

«ካልከፈተልኝ ምን ላድርግ፣ አንኳኳለሁ።»

«እንግዲህ ይክፈትልዎ።»

«አሜን በይ።»

«አሜን!» አለች። ጮክ ብላ ነበር የተናገረችው። ከዚያ በአጥሩ ማዶ ዕቃ ስትወረውር ሰማሁ።

እማማ ከጾሙ ቅዳሴ ሲመለሱ በአሥር ሰዓት ሱቁ ደጃፍ ይደርሳሉ። ባለሱቁ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ይሰጣቸዋል፤ ይቀመጣሉ። ስልኩ ለሌላ ሰው ሲጮህ ይነሣሉ። «ለእርስዎ አይደለም» ሲላቸው ይቀመጣሉ። ፈረቃዬ ጠዋት በሆነበት ሳምንት አንድ ቀን ቆሜ ቆጠርኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተነሡ።

«ልጄ አልደወለም?»

«አልደወለም እማማ።»

«ስልክህ ደህና ነው አይደል?»

ባለሱቁ በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ቆየ። በአምስተኛው ሳምንት መግቢያ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለና ተበላሽቷል አለ። እፎይ ያለ መስሎት ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን እማማ ጸሎቱን ሲጨርሱ አዲስ ነገር ጨመሩ።

«የባለሱቁን ስልክ አድንልኝ። ልጄ ሌላ ቁጥር አያውቅም።»

አሜን አልኩ። ወደ ፈረቃዬ ስሄድ ለባለሱቁ ነገርኩት። የያዘውን ሚዛን አስቀመጠ። «ወላሂ በእኔም ሃይማኖት በእናንተም ይሄ ኃጢአት ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን ገመዱን መልሶ ሰካው። ስልኩ መሠራቱን ሲሰሙ እማማ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተንበርክከው መሬት ሳሙ። የጭነት መኪና ረዳቶች ቆመው ያዩአቸው ነበር። አንዱ «አዛውንቷ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላቸው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ጸሎቴን ሰማኝ» አሉ እማማ እየተነሡ። «ትንሹን የሰማ ትልቁን ይሰማል።»

ባለሱቁ ወደ ጓዳው ገባ። ለረጅም ጊዜ አልወጣም፤ ደንበኛ ቆሞ ሄደ።

ሴት ልጃቸው ደግሞ የሠርጓን ልብስ ስታስለካ፣ ሚዜዎቿን ስትሰበስብ ትውላለች። አንድ ቀን ውኃ ስትቀዳ «ለሠርጌ ይደውል ይሆን?» አለችኝ። «ይደውላል» አልኳት። ለእናቷ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ለእናቷ አሜን ብቻ ነበር የምለው። ለእሷ ግን በቀጥታ ዋሸኋት፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ።

ሞቱ እሑድ ስለነበር አርባው የሚውለው ከሆሣዕና በፊት ባለው ሐሙስ ነበር። ቄሱ አርባው መታለፍ የለበትም አሉ፤ እናት ባታውቅም ለነፍስ ፍትሐት ይገባል፣ በሕማማት ደግሞ ፍትሐት የለም። አጎትየው ለካህናቱና ለነዳያኑ የሚቀርበውን ዳቦ ሳሪስ ካለ ዘመድ ቤት ሊያስጋግሩ አሰቡ። ያልታሰበው ዲያቆኑ ነበር። እሱ ምንም አያውቅም፤ ሰው የሌለው የአንድ ሟች አርባ ነው ብለውታል። የሰፈሩ ሰው የሌለው ሰው ሲሞት የአርባውን ዳቦ የሚጋግሩት እማማ እንደሆኑ ግን ያውቃል፤ ስንት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አግኝቷቸው ነገራቸው።

እማማ ግቢው ውስጥ መጡብን። አጎትየው፣ የበያጁ ሚስትና እኔ ነበርን።

«ነገ አርባ አለ አሉ። ሰው የሌለው ሰው። ዳቦውን ከሳሪስ ልታስመጡ ነው? እኔ ሞቻለሁ?»

ከዚያ አንድ ሰው «ትጋግር» አለ። በዝግታ ነው የተባለው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ እምቢ ካልናቸው ይጠረጥራሉ። ቃሉን እኔ የማስታውሰው በበያጁ ሚስት ድምፅ ነው። እሷ ዛሬም ድረስ «አንተ ነህ ያልከው» ትለኛለች። እኔ እማማን «ትጋግር» አልልም፤ «ይጋግሩ» ነው የምለው። እሷም እንደዚያው «ይጋግሩ» ነው የምትለው። አጎትየው ደግሞ አላልኩም ብለው ምለዋል።

ዱቄቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እማማ ከሰዓት በኋላ ሊጡን አሽተው፣ ጥቁር አዝሙድ ነስንሰው፣ የኮባ ቅጠሉን ውኃ እያስነኩ ሲያለሰልሱ እኔ ፍሙን አዘጋጅ ነበር። የበያጁ ሚስትም ልታግዝ መጥታ ነበር።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉኝ።

«ወጣት ነው አሉ።»

«የት ሞተ?»

«መንገድ ላይ።»

«እናት አለችው?»

«አለችው።»

«አውቃለች?»

«ገና አልነገሯትም።»

የመለስኩት ሁሉ እውነት ነበር። በወቅቱ ይህ የሚያጽናና መስሎኝ ነበር።

እጃቸው ሊጡ ላይ ቆመ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» አሉ። «እናት ሳታውቅ አርባ ይወጣል? እሷ ይሄን ጊዜ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች። እንደዚህ ያለ ጭካኔ አልሰማሁም።» ከዚያ በቢላዋ ጫፍ ሊጡ ላይ መስቀል አበጁ። «በሉ እንግዲህ፣ ለዛሬ እናቱ እኔ ነኝ።»

የበያጁ ሚስት ፊቷን አዞረች። «ጭሱ ዓይኔን» አለች። ፍሙ ነጥቶ ነበር፤ ጭስ አልነበረም።

ሐሙስ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ትልቅ ነበር፤ ክንዴን አቃጠለው። ቄሱ በፍትሐቱ ላይ የክርስትና ስሙ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እማማ በሴቶች በኩል፣ ከኋላ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ለማያውቁት ሰው ያለቅሱ ነበር። ሲቆረስ አንድ ቁራሽ ቀመሱ። «ጥሩ ወጥቷል» አሉ። እኔም ደረሰኝ። በላሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ የባቡር ሐዲዱን እንደተሻገርን ቆም አሉና «አየህ» አሉኝ። «ያቺ እናት የትም ትሁን የት ስለ ልጇ ትጸልይ ነበር። ጸሎቷ ባይሰማ እኔን ያስነሣላት ነበር? ለእኔም ልጅ ባለበት የማያውቃትን እናት ያስነሣለታል።»

አሜን አልኩ።

ፋሲካ መጣ። ቅዳሜ ሹር ባለሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስልኩ አልጮኸም። በፋሲካ ጠዋት ወደ ቤታቸው ስገባ ተሰብረው አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ እንዲሰበሩም ፈልጌ ነበር፣ ይህን አልደብቅም። ከተሰበሩ ማንበቤን አቆማለሁ። እሳቸው ግን ሳቁብኝ።

«ከፋሲካ በፊት አልኩት እንጂ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አልነገርኩትም» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ና አንብብ።»

በበዓለ ሃምሳ ስግደት ስለማይፈቀድ ቆመው ብቻ ጸለዩ።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ ሠርጉ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ምሥጢሩ የአምስት ሰው አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ያውቅ ነበር። አብሳዮቹ ጓሮ ሄደው አልቅሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው ይመለሳሉ። እማማ መሐል ገብተው እስክስታ ወረዱ። «ወንድሟ ባይኖር ድርሻውን እኔ እጨፍርለታለሁ!» አሉ ጮክ ብለው። ሰዉ አጨበጨበ። አጎትየው እጃቸውን ይዘው አብረው ጨፈሩ።

ከአጠገቤ የተቀመጡ ሁለት የወንዱ ወገን ሰዎች ይነጋገራሉ።

«እናቱ እሷ ናት? ምስኪን፣ አጨፋፈሯን እያት።»

«ዝም በል። ቅዳሜ ታለቅሳለች፤ ዛሬ ትጨፍር።»

ቀኑን እንኳ ያውቁ ነበር።

መልሱ ሐሙስ ሆነ። ቅዳሜ ንጋት፣ ልክ በስምንተኛው ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ተሰበሰብን። አጎትየው፣ ቄሱ፣ የበያጁ ሚስት፣ ሌሎች የእድር ሰዎች፤ ሙሽራዋን ደግሞ በሌላ ምክንያት ጠርተው አምጥተዋታል፣ ውጭ መኪና ውስጥ ነበረች። ባለሱቁ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በየጠዋቱ የምገባው እኔ ስለሆንኩ በሩን እንዳንኳኳ ተደረገ።

እማማ ነቅተው ነበር፤ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ሰው አዩ። ነጠላውን አዩ። ፊታቸው ላይ የሆነውን ለመጻፍ ሞክሬ አልቻልኩም፤ እተወዋለሁ።

«እህቴ…» ብለው አጎትየው ጀመሩ።

«ቆይ» አሉ እማማ። «ጸሎቴን አልጨረስኩም። እስክጨርስ ድረስ ልጄ አለ።»

እማማ ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ ምሥራቅ ዞሩ። መቁጠሪያውን ከመጀመሪያው ጀምረው አርባ አንድ ጊዜ እየቆጠሩ ኪርያላይሶን አሉ። ወደ መጨረሻው ላይ በጣም አዘገሙ፤ በአንዱ ፍሬና በሚቀጥለው መካከል አንድ መኪና ከሩቅ መጥቶ አልፎ ድምፁ ይጠፋ ነበር። ከዚያ «የመንገደኛውን» አሉኝ። መጽሐፉን ከመስኮቱ አንሥቼ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እየሰማ፣ አነበብኩ። ስጨርስ አሜን ያለ የለም። እኔም አላልኩም።

«አሁን ንገሩኝ።»

ነገሯቸው። አልጮኹም። «መቼ?» አሉ።

«በጾሙ መግቢያ» አሉ አጎትየው።

«የቱ ቀን?»

«እሑድ። የመጀመሪያው ሳምንት እሑድ።»

እማማ መጻፍ አይችሉም፤ የበዓልና የጾም ቁጥር ግን ከቄሱ ይበልጥ ያውቁ ነበር። ጣታቸውን መቁጠሪያው ላይ አድርገው ቆጠሩ። እንደደረሱበት ያወቅሁት እጃቸውን ከመቁጠሪያው አንሥተው መዳፋቸውን ሲያዩ ነው።

«ዳቦው» አሉ።

ያኔ ነው የጮኹት። ጩኸቱ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ተሰማ አሉ። ልጅቷ ከመኪናው ወርዳ እየሮጠች ገባች፤ የሙሽራ ሂና እጇ ላይ ነበር። ደረቷን በዚያ እጅ ስትመታ አይቻለሁ። የሠርጓን ፎቶ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ አልሰቀለችውም።

ትንሽ ሲረጋጉ እማማ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ሲቀብሩት ማን ጸለየለት?»

ባለሱቁ ከአጥሩ ሥር «አልጠየቅኩትም እማማ» አለ። «መስመሩ ተቋረጠብኝ።» እያለቀሰ ነበር። በኋላም ያን ልጅ መልሶ የጠየቀው አልነበረም፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ አንዳችንም አልደወልንም። ስለ ዝግጅቱና ስለ ቀኑ ስናስብ ነበር የቆየነው።

ከሠልስቱ በኋላ አጎትየው ሊያስታርቁ ቄሱን ይዘው መጡ። እኔ ወንበር አቀበልኩ። ቄሱ እግዚአብሔርን አታማርሪ፣ እሱ የወደደውን አደረገ አሉ።

«እኔ እሱን አላማረርኩም አባቴ» አሉ እማማ። ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር ጎንበስ ብለን ነው የሰማናቸው። «ድምፁን አሰማኝ አልኩት፤ ዝም አለኝ። ዝም ያለና የዋሸ አንድ አይደለም። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዝምታውን እሰማው ነበር። ወይ አንድ ቀን ጠዋት፣ ስሰግድ፣ ልጅሽ የለም ማለቱ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። እናንተ ግን በላዩ ላይ አሜን አላችሁ። በእናንተ አሜን ምክንያት የእሱን ዝምታ ሳልሰማው ቀረሁ።»

ቄሱ ይቅር በይን አሉ። እማማ «ለዚያም ልጸልይበት» አሉ። ይቅር ማለታቸው ይሁን አለመሆኑ አልታወቀም፤ አጎትየው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞቱ ለቅሶው ላይ ተቀምጠው አልቅሰውላቸዋል፣ በዕርቁ ቀን ግን እጃቸውን አልሰጧቸውም።

በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ በሩን አንኳኳሁ። እማማ በሩን ገርበብ አድርገው መጽሐፉን ሰጡኝ።

«አንተ ውሰደው» አሉ። «ማንበብ ትወዳለህ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የምለውን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ጀምሮ በሩን ዘግተው ብቻቸውን ይጸልያሉ፤ ድምፅ አይሰማም። ማኅበር ላይ ተቀምጠው ካህን ሲመርቅ ሰዉ አሜን ሲል እሳቸው ዝም ይላሉ። ሰዉ ከጨረሰ በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ለብቻቸው ይላሉ። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርጉ የማያውቁ አዲስ ሰዎች አሮጊቷ ጆሯቸው ደክሟል ይላሉ። ጾሙን አላጓደሉም፤ ስግደቱን አልተዉም፤ ለማንም ሰው ግን ጸልይልኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

እኔ በዚያው ዓመት ክረምት ሲወጣ ክፍሉን ለቅቄ ወደ ሌላ ሠፈር ሄድኩ። ኪዳነ ምሕረት በመጣች ቁጥር ልጠይቃቸው እሄዳለሁ። ተቀመጥ ይሉኛል፤ ያለውን ያቀርቡልኛል።

የጻፍኩት የማስታውሰውን ነው። የሚጎድለው አለ፤ የተሳሳትኩትም ይኖራል። የበያጁ ሚስት ይህን የሚያነብላት ሰው ካገኘች፣ በሱቁ ጓዳ ማን እንደ ሳቀ ታስታውስ እንደሆነ ብትነግረኝ እወዳለሁ፤ እኔም ከሆንኩ እንደሆንኩ ትንገረኝ። ባለሱቁ አሁን ዱቄት በጅምላ ይሸጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱም ያ ልጅ በስልክ ያለውን ቃል ሙሉውን ይጻፍልን። በዚያ ጠዋት ደጃፉ ላይ የነበራችሁ የእድር ሰዎችም እኔ ጀርባዬን ስለሰጠኋችሁ ያላየሁትን ጨምሩ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንተ፣ ከየመን የደወልከው። በሕይወት ካለህና ይህ ከደረሰህ፣ አሸዋው ላይ ስትቀብሩት ማን ምን እንዳለ ጻፍልን፤ አንድ ቃልም ቢሆን። ምንም ያለ ሰው ካልነበረም አልነበረም በል፤ አታሳምረው። እማማ አሁንም ይጠይቃሉ።